ሁለተኛው ዓይን

ሮም የሄድኩት ሥዕል ልማር ነው። ጣሊያን አስተማሪዎቼ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ያሉ መላእክታቸውን እንዳይ ይጎትቱኛል፤ እኔ ግን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ካቀረቀርኩ ቀና አልልም። መጽሐፉ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ የሆላንድ ሠዓሊ ነው። ሰውየው ከጎረምሳነቱ እስከ እርጅናው የራሱን ፊት ደጋግሞ ሥሏል። ሚስቱን ቀበረ፣ በመጨረሻም ለአቅመ አዳም የደረሰለትን አንድ ልጁን ቀበረ፣ በዓመቱ ራሱ ተከተለው። የሚሥለውን ሰው ሁሉ ከጨለማ ውስጥ እጁን ይዞ የሚያወጣው ይመስላል። በወጣትነቱ ጣሊያን ሄደህ ተማር ቢሉት ጊዜ የለኝም ብሎ ቀረ። እኔ ደግሞ ጣሊያን ድረስ መጥቼ እሱን ሙጥኝ አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ውስጥ ታስሮ ነበር። አስተማሪ ነው። ምን አጠፋ ቢባል የሚመልስ አልነበረም። እናቴ ከጎጃም መጥታ ዘመድ ቤት ተጠግታ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስለታለች፤ ለእኔም ደብዳቤ በሰው እጅ ታስጽፋለች። ደብዳቤዋ በዘገየ ቁጥር እህል አይወርድልኝም ነበር።

ሮም ያለነውን ተማሪዎች በየእሁዱ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ እየሰበሰበ የሚያወያየን አንድ ካድሬ ነበር። ሳቂታ ነው። የሚያስፈራኝ ሳቁ ሳይሆን ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ማዳመጡ ነበር። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ እንደነበረና ዳዊቱን ከደገመ በኋላ «ያን ሁሉ ጉድ» እንደተወው እየሳቀ ያወራልን ነበር። አንድ እሁድ ትከሻዬን ያዘና ስለ ወንድሜ ጠየቀኝ። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለሚመለከታቸው ደብዳቤ ልጽፍልህ እችላለሁ አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ነገሩ ከዚያኛው ጋር የማይገናኝ ይመስል፣ መልኩን እንድሥልለት ጠየቀኝ።

ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለችው ክፍሌ እየመጣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥልኝ ጀመር። እስኪያልቅ እንዳያይ ለመንኩት፤ እሺ አለ። ወንድሜን የሚያስፈታልኝ ይህ ሥዕል ነው ብዬ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩበት፤ ያለኝ ደግሞ ያው የሆላንዱ ሰውዬ ነው። ብርሃኑን ከአንድ ወገን ብቻ ለቀቅሁበት፣ ግራ ፊቱን በቡኒና በጥቁር ሸፈንኩት። ያማረ ጨለማ ወጣልኝ። በራሴ እጅ ተደንቄ ወንድሜን ጨርሶ የረሳሁባቸው ቀናት ነበሩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ያከራዩኝ ሴት አስመራ አድገው ሮም ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ እናት ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ልብስ ሊያቀብሉኝ ገብተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው ምን ቢያደርግህ ነው አንድ ዓይና አድርገህ የሣልከው?» አሉኝ።

ተጠግቼ አየሁት። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ቀለም እየፈጨሁለት ነው ያደግሁት። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣንና ጭፍሮቹ፣ ሄሮድስና ወታደሮቹ ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይቀራሉ። በአገራችን ይህን የማያውቅ ምእመን የለም፤ የቆሎ ተማሪማ እንዴት አያውቅ! እኔ ግን የአባቴን ሕግ ለአንድ ሆላንዳዊ ብዬ ረሳሁት። ሆን ብዬ አልነበረም። አልነበረም ብዬ ለዓመታት ለራሴ ነግሬዋለሁ።

መጽሐፉን ገለጥኩ። የሆላንዱ ሰውዬ አርጅቶ ሳለ፣ የከተማው ሹማምንት ለአዳራሻቸው የጥንት አንድ ዓይና አማፂ አለቃ እንዲሥልላቸው አዘውት ነበር። የቀደሙት ሠዓሊዎች የጠፋው ዓይን እንዳይታይ አለቃውን ወደ ጎን ያዞሩት ነበር። እሱ ግን ፊት ለፊት፣ ከነጠፋ ዓይኑ ሣለው። ጥቂት ጊዜ ሰቅለው አወረዱት፤ ሥዕሉም በኋላ ተቆራረጠ። ለእሱ የተቆረጠው ሸራ ነው። እኔ ወንድም ነበረኝ። ብሩሼን አነሣሁና በዚያ ባማረው ጨለማ ውስጥ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመ። አልሳቀም። ጣቱን ዘርግቶ ቀኝ ዓይኑን ነካ፤ ደረቅ ነው። ግራውን ነካ፤ ቀለሙ ጣቱን ያዘው።

«ይቺኛዋ ገና ናት» አለ።

«ወፍራም ቀለም ስለሆነ ነው ጓድ፤ ለመድረቅ ይቆያል።»

«አባትህ ምን ይሠራሉ?»

«የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው።»

«እሱንስ ገምቻለሁ» አለ።

ጣቱን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡን በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተ። አመሰገነኝ። ደብዳቤውን በዚሁ ሳምንት እልከዋለሁ ብሎኝ ሥዕሉን ይዞ ወጣ። ደብዳቤው ይቅርብኝ ለማለት ደረጃው ድረስ ተከተልኩት። ግን ምን ብዬ? ይቅርብኝ ማለቱ ራሱ መናዘዝ ሆነብኝ። የሕንፃውን በር ከፍቼ ሸኘሁት። ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከወር በኋላ የእናቴ ደብዳቤ መጣ። ወንድሜን ከቀበሌ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል። አዲሱ ቦታ ስንቅ ይዛ ብትሄድ ልብሱን ጠቅልለው ሰጥተው፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ብለዋታል። በዚያ ዘመን እስር ቤት ደጅ የሚሰለፍ ሁሉ፣ ይህ ሲባል ሰውየው እንደሞተ ያውቅ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈላት ሰውም ሳያውቅ አይቀርም፤ ሊነግራት አልደፈረም። እናቴ ግን ከገጠር የመጣች ናት፤ ሊፈቱት ነው ብላ ነው የገባት። አንድ ሰው ከሮም ለሹማምንቱ ሊጽፍልን ነው ብዬ ነግሬያት ነበርና፣ ለጻፈልን ሰውዬ እግዚአብሔር ይስጥልን በልልኝ ብላ ደመደመች።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። መቅረት አልቻልኩም፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ስብሰባው ሲያልቅ ካድሬው እየሳቀ መጣና እጄን ጨበጠኝ።

«እናትህ ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናት ጓድ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ብላለች» አልኩት።