ሞራው እስኪበስል

መጀመሪያ ያታለለኝ ነጥብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ አራት ነጥብ ያደረግሁበት ቦታ ሁለት ነጥብ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ቀለሙ ፈዝዞ ነው ብዬ ደገምኩበት። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሳየው አራት ነጥቤ በደህና ተቀምጦ ነበር፤ በላዩ የጨመርኩት ግን ቦታውን አጨማልቆታል።

ብራና ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው ጋይንት፣ ድጓ ከሚመሰከርበት ከቤተ ልሔም ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መንደራችን በዘለቀበት ዓመት ሲሆን ዕድሜዬም ሃምሳን ተሻግሮ ነበር። ይህን የምጽፈው ዓይናቸውን ታመው ቀጠሮ ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። እኔ በዚያ ዓመት ሁለት በሽታ ነው የታመምኩት። አንዱን ሐኪም አወጣልኝ፤ ሁለተኛውን ሐኪሙም አላየው።

ከነጥቡ በኋላ ፊደሎቹ ተከተሉ። ወተት የፈሰሰበት ብራና ላይ የተጻፉ ይመስሉ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ ይብስብኛል፣ ደመና ሲሆን ይሻለኛል። መጀመሪያ የሚስቴን የጥሩነሽን ምድጃ ጭስ ወቀስኩ፣ ቀጥሎ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ብዕሩን። ዓይኔን መውቀስ ግን አልደፈርኩም።

በእጄ የነበረው ሥራ የየኔታ ላቀው መዝሙረ ዳዊት ነው። የኔታ ያረጁ የድጓ መምህር ናቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በእናታቸው ስም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ዳዊት አዝዘውኝ፣ ከመቶ ሃምሳው መዝሙር ሰማንያውን ጨርሼ ነበር። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ እጅ እንዲጻፍና እሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዲያዩት። ሰማንያ አንደኛው ላይ ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ መለየት አቃተኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር በባትሪ ዓይኔን አይቶ ሞራ ነው አለና ወደ ጎንደር ወረቀት ጻፈልኝ። ከገበሬ ማህበሩ የመሸኛ ደብዳቤ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ጎንደር ስደርስ የዓይን ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። በመሣሪያ ግራውንም ቀኙንም አየ።

“አባቴ፣ ይህ ካታራክት ነው። በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ አይስጉ። ግን ገና አልበሰለም። የግራው ቀድሞ ይበስላል። በስምንት ወር ይምጡ፤ እስከዚያ ዓይንዎን ይጠብቁ።”

እጅ ነስቼ ወጣሁ። ሁለተኛው በሽታ የያዘኝ ከዚያው ከበሩ ነው።

በኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ጸሐፊ የማይዘጋውን ጥራዝ አይከፍትም። ስምንት ቅጠል ያለው ጥራዝ ተጀምሮ ወራት ካደረ እጅም ቀለምም ይለወጣል፣ ጽሕፈቱም ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል። የጽሕፈት መምህሬ ይህን በቁጣ ነበር ያስተማረኝ። ደንቡ ለብራና ትክክል ነው። እኔ ግን ከብራናው አውጥቼ ለኑሮዬ ሁሉ አዋልኩት።

አጥሩ ወደቀ። “ከዓይኔ በኋላ” አልኩ። ጣሪያው ያፈስ ጀመር። “ከዓይኔ በኋላ” አልኩ። የገዛኋቸው ሦስት የፍየል ቆዳዎች ጥግ ላይ ደርቀው እንደ ሰሌን ቆሙ። የባለቤቴ ወንድም እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ልጁን ሲድር እንኳ አልሄድኩም። አጥር ለማጠር የሚበቃ ዓይን ነበረኝ፤ እግሬም እጄም ጤነኛ ነበሩ። ጥሩነሽ ይህን ስትነግረኝ ሐኪሙ ጠብቅ ብሎኛል እላታለሁ። “እሱ ዓይንህን ጠብቅ አለህ እንጂ በሩን ጠብቅ አለህ?” ትለኛለች። እቆጣለሁ።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። ጠዋት እነሳለሁ። ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። የቀረውን ወር እቆጥራለሁ። ይመሻል። ምንም ሳልሠራ ይደክመኛል። እንቅልፌም ጠፋ።

እውነቱን ልናገር። ፈርቼ ነበር። አንድ ነገር ብጀምርና ዓይኔ ሳይከፈት ቢቀር ጅምሩ በዓይነ ስውርነቴ ላይ ይመሰክርብኛል። ካልጀመርኩ ግን ሁሉም ነገር ገና ነው። ገና የሚለው ቃል ይመቸኝ ነበር። ያንን ምቾት እንደ ዕረፍት ቆጠርኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጥሩነሽ በዚያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ትሄድ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ዋርካ ሥር ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች፤ ስትመለስ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የየኔታን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥታ፣ ግእዙ ባይገባትም፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ማንበብ ጀመረች። ሃያ ዓመት አብራኝ ስትኖር የእጄን ጽሕፈት ስታነብ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴን አዞርኩ። ሰማንያ አንደኛው ላይ ደርሳ ቆመች። “እዚህ ላይ ምነው ዝም አለ?” አለችኝ።

በሳምንቱ የኔታ ራሳቸው መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ያን ሁሉ አቀበት በእግራቸው ወጥተዋል። ሳያቸው ያዘጋጀሁትን ንግግር ተናገርኩ፤ የተጻፈውን ይውሰዱት፣ ሌላ ጸሐፊ ይጨርስልዎ፣ እኔ የዓይኔ ሞራ እስኪወጣ ምንም አልችልም አልኳቸው። እሳቸው ግን የቀለም ማሰሮውን አምጡልኝ አሉ። ጥሩነሽ አመጣችላቸው። ጣታቸውን ከተቱ። ውስጡ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል።

“ቀለም አብላልቶ ለማድረስ ስንት ወር ይፈጃል?”

“ደህና እንዲሆን ስድስት ወር፣ የኔታ።”

“ለዓይንህስ ስንት ቀረው?”

“ሦስት ወር።”

“እንግዲያ ዓይንህ ከተከፈተም በኋላ ቀለም ስትጠብቅ ልትቀመጥ ነው።” ማሰሮውን መሬት አስቀመጡት። “እኔ አንዱን ጥበቃ እችለዋለሁ ልጄ። ሁለት ግን አልችልም። ዕድሜዬን ታውቀዋለህ።”

ዳዊቱን አልወሰዱም። ጠበል ጠዲቅ እንኳ ሳይቀምሱ ወረዱ።

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቀለም ነገር እንዴት ጠፋኝ? እኔ ለተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ቀለምህን እንደ ጠላ ጣል እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ። ጥላሸት፣ የተቆላ ገብስ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ውሃ፤ በየቀኑ እየተማሰለ ወራት መቀመጥ አለበት፣ ለዚህ ደግሞ የጠራ ዓይን አያስፈልግም። ጠብቅ በተባልኩበት ቀን ጥዬው ቢሆን ኖሮ ሊደርስ አንድ ወር ብቻ ይቀረው ነበር።

በማግስቱ ልጀምር ተነሣሁ። አልሆነልኝም። ማሰሮው ፊት ቆሜ እግሬ ወደ ደጃፉ ይጎትተኝ ነበር። ስለዚህ ራሴን ሸነገልኩት። ቀለም አልሠራም፣ የአንድ ድስት ጥላሸት ብቻ ልፋቅ አልኩ። ፋቅሁ። ፍቄ ስጨርስ ሁለተኛው ድስት አጠገቤ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ የጎረቤት ድስት ሁሉ ፍቄ እጄም ፊቴም ጠቁሮ፣ ጥሩነሽ ስታየኝ እስኪያማት ሳቀች። በዚያ ዓመት በቤታችን እንደዚያ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ጥላሸት ቀለሙን ጣልኩ፤ ከዚያ በኋላ ነገር ነገርን እየሳበ ሄደ። አንዱን የፍየል ቆዳ ዘፍዝፌ ወጠርኩና ስፍቀው፣ ስስና ወፍራሙን መዳፌ ከዓይኔ ይልቅ እንደሚለይ አወቅሁ። ብራናው ሲደርስ ለመስመሩ በወስፌ ጫፍ እየወጋሁ፣ ቀዳዳውን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ በቢላዋ ጀርባ እየተጫንኩ ባዶ ቅጠሎችን አሰመርኩ። ጥራዙን አልከፈትኩም፤ ለሚከፈትበት ቀን ግን አዘጋጀሁት። መስመሩን የምታይልኝ ጥሩነሽ ነበረች። ባለፈው ወር ደብተሯ ላይ “ሀ”ን ቀጥ አድርጋ መጻፍ ያቃታት ሴት “ይኸኛው ወደ ላይ ሸሽቷል” እያለች ጸሐፊውን ታርመው ጀመር። አንዳንዱን አቃናሁት፣ አንዳንዱ እንደ ሸሸ ቀረ። በመካከሉ አጥሩን አጠርኩ፣ ጣሪያውንም ከደንኩ። ሦስቱ ወር ከአምስቱ ወር በጣም አጠረብኝ።

ቀኑ ደረሰና ጎንደር ሄድኩ። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ አስተኙኝ። ከዓይኔ ሥር የማደንዘዣ መርፌ ወጉኝ። ሕመሙ ጠፋ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። መቀስ ሰማሁ። “አይንቀሳቀሱ” አለኝ ሐኪሙ። አልተንቀሳቀስኩም። መዝሙር በልቤ ቆጠርኩ። ቁጥሩ ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። “ወጣ” አለ። ዓይኔን አሰሩት። አትሳል፣ አታጎንብስ፣ አታስነጥስ ተባልኩ። አምስት ቀን በጀርባዬ ተኛሁ።

በስድስተኛው ቀን ፋሻውን ፈቱት። ብርሃን ብቻ ነበር። ሐኪሙ ወፍራም መስታወት ዓይኔ ላይ ያዘና ምን ያያሉ አለኝ። ኪሱ ላይ የተሰካው እስክሪብቶ ክዳን እንደሌለው ነገርኩት። ሳቀ። በዚያው አጋጣሚ አምስት ወር ሙሉ ዓይኔን ስጠብቅ መቀመጤን ነገርኩት።

“ከጭስና ከመመታት ይጠብቁት ማለቴ ነበር” አለኝ። “አጥር ማጠር ዓይን አይጎዳም። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ምን መሥራት እንደሚችሉ መንገር ነበረብኝ።”

ቤቴ ተመልሼ ጠብታውን እያደረግሁ መነጽሩን ስጠብቅ ሁለት ወር ያህል አለፈ፤ ይህኛውን ጥበቃ ግን የቀሩትን ሁለት ቆዳዎች እየፋቅሁ፣ ለብዕር የሚሆን መቃ እየቀረጽኩና ለጥራዙ መስፊያ ጅማት እያከረርኩ ስላሳለፍኩት መቼ እንዳለቀ አላወቅሁም። መነጽሩ ሲመጣ ደግሞ ዓለም ሁሉ ገዝፎ ቀረበኝ፤ ውሃ ስቀዳ ከጣሳው ውጪ አፈሳለሁ፣ ትንሹን የበር መድረክ እንደ ትልቅ ግንድ እግሬን አንሥቼ እሻገራለሁ፣ ጥሩነሽም ከኋላዬ ሆና አረማመዴን እየቀዳች ትስቅብኛለች። ቀለሙ እኔ ጎንደር ተኝቼ ሳለ እሷ በየቀኑ ስታማስለው ከርማ ስድስተኛ ወሩን ይዞ ነበርና በመቃዬ ጫፍ ነክቼ ቁራጭ ብራና ላይ አንድ መስመር ስጎትት ጥቁር፣ የሚያበራ፣ ጠርዙ የማይሸሽ ሆኖ ወጣ። አራት ነጥብ አደረግሁበት። አራቱንም አየኋቸው።

ሰማንያ አንደኛውን ጀመርኩ። የቀኙ ዓይኔ ገና አንድ ዓመት ይቆያል ተብዬ ነበር፤ ቆየም፣ እኔ ግን እጽፍ ነበር። እንዲያውም የሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ የመጨረሻው ጥራዝ ሦስት ቅጠል ቀርቶት ስለነበር አንድ ሳምንት ዘግይቼ ሄድኩና ሐኪሙ ተቆጣኝ። በዚህስ አትምሰሉኝ፤ ቀጠሮ ይከበራል።

ዳዊቱን ለየኔታ ሳደርስ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ገጹን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ የተጫነውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ነበር የሚያነቡት። በመካከል ጣታቸው ቆመ። ሳላይ ያሰመርኳቸው ቅጠሎች ላይ ደርሰው ነበር፤ መስመሩ ወደ ላይ ሸሽቷል። እነዚህን ቀድጄ እንደገና ልጻፋቸው አልኩ፣ እፍረት ይዞኝ።

“አትንካቸው” አሉኝ። “ቀጥ አድርገህ እስክታሰምር ብትጠብቅ ኖሮ ይህን መጽሐፍ እኔ ባላየሁት ነበር።”

ሁለት ዐቢይ ጾም ጸልየውበት ዐረፉ። ዳዊቱ አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው፤ የእናታቸው ስምም መጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ዓይኔን ለመለሰልኝ ሐኪም ምስጋናዬ አያልቅም። ጥሩነሽንም አመሰግናለሁ፤ መስመሬን ስታቃና አንድም ቀን የዓይኔን ነገር አላነሣችብኝም። ሞራ ያለባችሁ ሰዎች፣ አሁን እስኪበስል መጠበቅ ቀርቷል ሲሉ እሰማለሁና ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጠብቁ ካሏችሁም ምን መሥራት እንደሚቻል ጠይቁ፣ እኔ ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። መጀመር ካቃታችሁ ደግሞ ሥራውን ሁሉ አታስቡት፤ አንድ ድስት ብቻ ፋቁ።

እኔ ዛሬም ለጉልበቴም ሆነ ለጥርሴ ሐኪም ቀጠሮ ሲሰጠኝ ወረቀቱን ለጥሩነሽ እሰጣታለሁ። እሷ ቀኑን ታነብልኛለች፤ እኔ የቀለም ማሰሮውን አወርዳለሁ።