ከማረሻ የሠራነው ወይፈን

ነገሩ የተጀመረው ሉማሜ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ስንመለስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳና ሾፌሩ «ሻይ ጠጡ» ብሎ በተነን። ወንድሜ ያኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ነጥብ ሳይመጣለት ቀርቶ ቁጭ ብሏል፤ እኔ ታናሽ እህቱ ገና ተማሪ ነበርኩ። የገባንበት ሻይ ቤት ቴሌቪዥን የውጭ ጣቢያ ከፍቷል። ጎማ ያላቸው ሁለት የብረት ሣጥኖች በመስታወት አጥር ውስጥ ይዋጋሉ። አንዱ ከሥር ገብቶ ሌላውን ይገለብጠዋል፤ ሕዝቡ ያብዳል።

«ሰው ሥራ ሲፈታ ብረት ያዋጋል» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሲያይ ቆየና «ይሄን እኮ መሥራት እንችላለን» አለኝ።

«በምን?»

«ባለው።»

ያለው ደግሞ ይሄ ነው። ደብረ ማርቆስ ከቤታችን ጀርባ የተጋጨ አይሱዙ የወደቀበት ገራዥ ነበር። ከእሱ የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮቹን ለምነን ፈታን፤ አንዱ ለግራ ጎማ፣ አንዱ ለቀኝ። ባትሪው የሞተር ሳይክል ነው። ሪሞቱንና ሪሞቱን የሚሰማውን ቦርድ ያገኘነው ጎረቤት ከጣሉት የቻይና መጫወቻ መኪና ነው። ገላውን ከዘይት በርሚል ቆረጥን። መዋጊያው ብቻ ቀረ።

«እማዬ፣ የአባዬን ማረሻ ስጭኝ» አለ ወንድሜ።

አባታችን ደብረ ኤልያስ ገበሬ ነበር። ሲሞት ወደ ከተማ ስንገባ እናታችን ከእርሻ ዕቃው ሁሉ ያመጣችው ያንን ብረት ብቻ ነው፤ አልጋዋ ሥር ይኖራል።

«ምን ልታርስበት?»

«ልዋጋበት።»

«ከማን ጋር?»

«ከሣጥን ጋር።»

«እግዚኦ! አባትህ አንተን ያበላበትን ብረት?» አለች። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችን። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማረሻው ዝገቱ በአሸዋ ታሽቶ ለቆ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

እሱ ያስባል፣ እኔ እበይዳለሁ። ተጣልተናል፣ ተሰዳድበናል። መጀመሪያ የሠራነው አፍንጫው ከብዶት በግንባሩ እየተደፋ አስቸገረ። «ይሄ መዋጊያ ሳይሆን መስገጃ ነው» አልኩት። ሦስት ቀን አኩርፎ ብቻውን ሲፈታታው ከረመ። በአራተኛው ባትሪውን ወደ ኋላ ወሰደው፤ ክዳኑ ላይም ሞተሩ እንዳይግል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከፈተ። ለሙከራ ግቢ ውስጥ ውሃ የተሞላ ጀሪካን አቆምንለት። ማረሻውን ከሥር አስገብቶ ጀሪካኑን አንሥቶ ጣለው። እናቴ ከኩሽና ወጥታ አየች፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። «ወይፈን ነው እንጅ ይሄስ!» አለች። ስሙ ወይፈን ሆኖ ቀረ።

አሁን የምትስቀው እናቴ ታዲያ ስታለቅስ ነበር የከረመችው። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ወጣት በመተማ በኩል እየተንጠባጠበ ይወጣ ነበር፤ ወደ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕር። ወንድሜም ከአንድ ደላላ ጋር በስልክ ማውራት ጀምሯል። ፊት ለፊት ነገርኩት። «ትሞታለህ» አልኩት። «እዚህስ እየኖርኩ ነው?» አለኝ።

ወይፈኑ ነው በመሃል የገባው። የብረታ ብረት ሥራ ቤት ያላቸው አንድ የሰፈራችን ሰው ግቢያችን መጥተው አዩት፤ ዞሩት፤ ብየዳውን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። እኛን አይተው ሁለት የገራዥ ልጆችም የራሳቸውን መሥራት ጀምረው ነበር። ሰውየው «የገና ለት ሁለቱን ሜዳ ላይ አጋጥሟቸው። ያሸነፈውን ከበዓሉ ማግስት ሥራ አስገባዋለሁ፤ እኔም አንድ ሰው ነው የምፈልገው» አሉ። ያን ዕለት ማታ ወንድሜ ለእናቴ «ካሸነፍኩ አልሄድም» አላት።

«ከተሸነፍክስ?»

እንጀራውን መቁረስ ቀጠለ።

የገና ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ሁልጊዜም እንደምታደርገው እኛን ረጨች፣ በሩን ረጨች፣ ጥጃዋን ረጨች። እኔ ግቢ ውስጥ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ወይፈኑ ካለበት ክፍል ስትወጣ ጠርሙሱ ባዶ እንደሆነ አይቻለሁ። ምንም አላሰብኩም። ማን ያስባል?

ሜዳው ላይ የገና ተጫዋቾቹ ዱላቸውን ተደግፈው የእኛን እስክንጨርስ ይጠብቃሉ። ክብ በኖራ ተሠመረ፤ ከክቡ የወጣ ወይም የተገለበጠ ተሸነፈ። የገራዥ ልጆቹ ማሽን ቁመቱ አጭር፣ ከፊቱ የሚሽከረከር የብስክሌት ጥርስ ያለው ነው። «ይሄን ማረሻ ይዛችሁ ጤፍ ልትዘሩ ነው እንዴ?» አሉን። «አዎ፣ በእናንተ ራስ ላይ» አልኳቸው።

ወይፈኑ ቀጥ ብሎ ገባ። ማረሻው ከሥር ያዛቸው፤ የፊት ጎማቸው ከመሬት ተነሣ፤ ሰው «ውጋው! ውጋው!» ይላል። ወንድሜን አየሁት፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ልክ በዚያች ቅጽበት ወይፈኑ ለቀቃቸውና ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። ወንድሜ ሪሞቱን ወደ ግራ ይጫናል፣ እሱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሪሞቱን ለቀቀው፤ እሱ ይዞራል። በአንድ ቦታ ላይ አቧራ እያስነሣ፣ እየፈጠነ ይዞራል።

«ዛር ያዘው!» አለ አንዱ።

«ያጓራል እኮ!»

«ጠበል ውሰዱት! ኧረ ጠበል ውሰዱት!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የገራዥ ልጆቹ ማሽን ከጎኑ መጥቶ ቀስ አድርጎ፣ ዕቃ እንደሚገፋ ሰው፣ ከኖራው ውጭ አወጣው።

ተንበርክከን ክዳኑን ከፈትን። ቦርዱ ላይ ውሃ አለ። ውሃው ላይ ደግሞ ግራጫ ጭቃ፤ አመድ ነው። ከጠበል ጋር የሚሰጠውን፣ ግንባራችንን የምንቀባውን፣ እምነት የምንለውን አመድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ነስንሳ፣ በላዩ ጠርሙሱን ገልብጣበታለች። እንዲያሸንፍ። ልጇ እንዳይሄድባት።

ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አይቷል። አመዱን በአውራ ጣቱ ከቦርዱ ላይ ጠረገና ግንባሩን በመስቀል ምልክት ቀባ። ክዳኑን ዘጋው። ባለ ብረታ ብረቱ ሰውዬ አጠገባችን መጥተው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ድጋሚ ይዋጋ! ልክ አይደለም፣ ምክንያቱ እኮ...» ብዬ ስጀምር ወንድሜ እግሬን ረገጠኝ።

«ባትሪው ነው ጋሼ» አለ።

ሰውየው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ወይፈንህ ግሩም ነው ልጄ። ግን ሰው ፊት የተናገርኩት ቃል ነው።»

ከኋላችን አንዱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎ ሰው አሳቀ። ዞሬ ልመታው ነበር፤ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

ቤት ስንደርስ እናታችን በር ላይ ቆማለች። ከፊታችን አወቀችው። ከዚያ ዓይኗ ግንባሩ ላይ አረፈ። «እሰይ፣ እምነት ተቀባህ? እኔ እኮ ጠዋት ለወይፈኑም ነስንሼለት ነበር። ባልነሰንስለት ኖሮ ከዚህም የባሰ ይገጥመው ነበር!»

«እውነትሽን ነው እማዬ» አላት። እኔ ወይፈኑን ተሸክሜ ወደ ክፍሉ ገባሁ።

ከጥምቀት በኋላ ሄደ። አንድ ጊዜ ከካርቱም ደወለ። ሁለተኛውን የደወለው ስሙን ሊነግረኝ ካልፈለገው ቦታ ነው፤ ነፋስ ይሰማል፤ ሰው ያጣድፈዋል።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

«ምኑን? ያለህበትን?»

«አይደለም። የእምነቱን።»

ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ስልክ ጠርቶ አያውቅም።

እኔ አፌ አይያዝም። አስተማሪዬን «አልገባህም» ብዬ ከክፍል ተባርሬያለሁ፤ ልቅሶ ቤት ሟቹ ሰካራም እንደነበር ተናግሬ አክስቴ ዓመት አኩርፋኛለች። ይሄን አንድ ነገር ግን ይዤዋለሁ፤ እንደ ፍም ነው የያዝኩት።

ወይፈኑ አሁንም እዚያው ክፍል ጥግ ላይ አለ። እናቴ በየበዓሉ ትረጨዋለች። ማረሻው ዝጓል፤ ክዳኑም ዝጓል። ባለፈው «አንች፣ ያን ጊዜ ምን ነክቶት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ባትሪው ነው እማዬ።»

«ታዲያ ባትሪ ግዥለታ! ወንድምሽ ሲመጣ ሞቶ ሊያገኘው ነው እንዴ?»

ገዛሁ። ምን ልበላት? ትናንት ሽቦውን አገናኘሁት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ተንቀጠቀጠና የቀኝ ዙሩን ጀመረ፤ ማረሻው የቤቱን ወለል እየጫረ። እናቴ በሩን ይዛ ቆመች። «አየሽ፣ አየሽ! ነፍስ አለው!» አለችና ጠርሙሷን ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሽቦውን ነቀልኩት። እየተመለሰች ስለነበር ሌላ ለማድረግ ጊዜ አልነበረኝም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ስንጥቁን በመዳፌ ሸፈንኩት። እናቴ መጥታ ስሙን እየጠራች፣ የወንድሜን ስም እየጠራች፣ ረጨች። ውሃው እጄ ላይ ወረደ። በጣም ይቀዘቅዛል።