የዘመመው ቀፎ

ንብ አልፈራም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያን ቀን በቆምኩበት ያደረቀኝ ንብ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሀርጌሳ ገና ስትጠገን፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ጓሮ ሁለት ቀፎ ነበረኝ። በጋውን ሙሉ እየከፈትኩ የማር እንጀራቸውን አያለሁ፤ ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ቀፎዎቹ በቆሙበት የእንጨት እግር ሥር አመድ እነሰንሳለሁ።

አንድ ጠዋት ነፋሱ አንዱን ቀፎ አዘመመው። ጭስ አጭሼ፣ እግሩን ጠለቅ አድርጌ ልተክለው መቆፈር ጀመርኩ። ዶማው ብረት መታ። ኳ!

በዚያች ከተማ መሬት ውስጥ ብረት ሲጮህ ሰው ትንፋሹን ይውጣል፤ ፈንጂ እግሩን የቆረጠውን ሰው በየመንገዱ እናያለና። የተቆጡት ንቦች ሻሼ ውስጥ ገብተው ይነድፉኛል፤ እኔ ግን ጣቴን እንኳ አላነቃነቅኩም። «ያ አላህ» ብቻ።

ድሬዳዋ ያደጉት ባልቴቷ አከራዬ ድምፁን ሰምተው ወጡ። «ድስቴ ነው! ስንሸሽ እዚህ ጓሮ ነው የቀበርኩት!» ብለው በደስታ ወደኔ ሮጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምነው ኤዶ?» አልኩ፤ እንደ አክስት ነበር የምጠራቸው።

«እኔስ ድስት ቀበርኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከኔ በኋላ እዚህ ቤት የሰፈሩት ወታደሮችስ ምን ቀበሩ?»

ሁለታችንም የገዛ ዱካችንን እየረገጥን ወደ ኋላ ተመለስን። ቀፎው እንደ ዘመመ ከረመ፤ ማሩንም የቆረጠው የለም።