የበጉ ደረሰኝ

ከሒሳብ አያያዝ መምህርነት ጡረታ ወጥቼ በሱሉልታ የቤት ለቤት ሕክምና ማኅበራችን የሒሳብ ሥራ የጀመርሁበት ቀን፣ ትዝታዬ ካላሳተኝ፣ ሰኞ ነበር። ሰብሳቢዋ የደረሰኝ ጥራዝና የለጋሾቻችንን መመሪያ አስረከቡኝ። «ይኸን መመሪያ ከጣስን ድጋፉ ይቋረጣል፤ አደራ» አሉኝ። መመሪያው ሠራተኛ ከታካሚ ስጦታ እንዳይቀበል፣ ለማኅበሩ የሚሰጥም ሁሉ በደረሰኝ እንዲገባ ያዝዛል።

ሁለት ወር ያህል በሰላም ሠራሁ። ከዚያ ኦቦ ዳባ ለነርሳችን ለሲስተር አስካለ በግ ላኩላት።

ኦቦ ዳባ በጫንጮ መንገድ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስኳር እግራቸውን አቁስሎት፣ አስካለ በየጊዜው እየሄደች በነፃ ታጥብላቸው ነበር። በጉን በመመሪያው መሠረት መለስን። በሚቀጥለው ጉብኝት እርሷም ከደጃፍ ተመለሰች።

«"ለማኝ አይደለሁም" ብለው በሩን ዘጉብኝ፣ ጋሼ። እጥበቱ አሁን ከተቋረጠ እግራቸው ይቆረጣል።»

«መመሪያው ግን ግልጽ ነው።»

«ቁስሉ ማንበብ አይችልማ!»

የደረሰኙን ጥራዝ ኪሴ ከትቼ አብሬያት ሄድሁ።

ኦቦ ዳባ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ደጅ ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዳባ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኋቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። በጌን የመለሱት አንቱ ኖት? ምን ጎደለው? ከሳ?»

«በጉስ እንከን የለውም። ለአስካለ ሲሆን ነው ክልክሉ። ለማኅበሩ ቢሰጡት ግን በደስታ እንቀበላለን።»

ወደ ታሰረው በግ አየት አደረጉ። «ለማኅበሩ ይሁን። እርሷም ከማኅበሩ ናት።»

«ከኦቦ ዳባ፣ አንድ በግ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁና ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ደረሰኝ።»

«ምኑ ደረሰዎት? በጉ እዚያው ታስሯል!»

አስካለ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። ሰውየው ልክ ነበሩ፤ ንብረት እጅ ሳይገባ ደረሰኝ አይቆረጥም። ይህን ለዓመታት ተማሪዎቼን አስተምሬያለሁ። ተነሥቼ በጉን ፈታሁ፤ ገመዱን በእጄ ጠመጠምሁ።

«አሁንስ?» አሉኝ።

«አሁን ደረሰኝ።»

ሳቁና ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያም እግራቸውን ወደ ነርሷ ገፋ አደረጉ፦ «ነይ እንጂ አስካለ፤ ምን ይገትርሻል?»

በጉን ጫንጮ ገበያ ሸጠን ፋሻ ገዛንበት። እኔ ጥቁር ነበር እላለሁ፣ አስካለ ዳለቻ ነበር ትላለች፤ ደረሰኙ ስለ መልኩ የሚለው የለም። የኦቦ ዳባ እግር ግን ድኗል፤ ዛሬም ገበያ የሚወርዱት በእግራቸው ነው።

ደረሰኝ የሚቆረጠው ንብረቱ እጅ ከገባ በኋላ ነው። የሰጠ ሰውም መድረሱን ማየት ይፈልጋል።