የሕፃናቱ ገቢና ወጪ

ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ የሰው ሕፃናት እጠብቃለሁ። አካውንታንቴ ጋሽ መኮንን፣ «ለማሞቂያም ለወተትም የምታወጪው ከታክስ ይቀነስልሻል፤ ብቻ ገቢና ወጪ በየቀኑ ጻፊ» አሉኝ። አማርኛዬ የለንደን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጻፍኩ።

የታክስ ሪተርኑን ለመንግሥት ሰብሚት የምናደርግበት የመጨረሻው ቀን ላይ ጋሽ መኮንን መጡ። ልጆቹ የቀን እንቅልፋቸውን ተኝተዋል፤ መጋረጃው ሳይቀር የሚተነፍስ ይመስላል። ደብተሩን ገልጠው አነበቡ፦ «ማያ። ገቢ፦ ጠዋት፣ በአንድ ጫማ። ወጪ፦ አመሻሽ ላይ፣ እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታ።»

«ከገባውም ከወጣውም አንድ ልጅ አልዘለልኩም» አልኩ በኩራት።

«የወተቱ ደረሰኝስ?»

«የምን ደረሰኝ?»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ገጽ በገጽ እያነበቡ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ባዶዋ ትንሽ ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ።

«በይ፣ እኔንም ገቢ አድርጊኝ።»