የእሳት መጫሪያው በር

ከሚሴ በሙሽርነቴ የገባሁበት ቤት በሩ ወደ ጓሮ ነበር። የጎረቤቴ የአሮጊቷም በር ወደዚያው ይከፈታል። በመካከላችን የቅንጭብ አጥር ቢኖርም ጎንበስ ያለን ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። ጠዋት እሳቷ ያደረላት ለሌላዋ በገል ፍም ታቀብላለች።

«አካም ቡልቴ?» ይሉኛል አሮጊቷ በኦሮምኛ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እማማ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ እግራቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ማደራቸውን የምናውቀው በዚያ ፍም ነበር።

ከዚያ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። ቤቱ ሁሉ መስመር ይያዝ፣ በር ወደ አውራ ጎዳናው ይዙር፣ አጥር ይደፈን አሉ። ባሌ የጓሮውን በር በምስማር መትቶ በመንገዱ በኩል ሌላ አወጣ። ለእማማም የሰፈሩ ወንዶች አዲስ በር አወጡላቸውና የድሮውን በጭራሮ ዘጉት። ቀዳዳው በእሾህ ተደፈነ።

እሳት ለመጫር በመንገድ መዞር ሆነ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ንፋሱ ፍሙን አመድ ያደርገዋል።

«ክብሪት ልግዛልሽ?» አለኝ ባሌ።

«ክብሪት እማማን ውሃ ያጠጣቸዋል?»

ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ። በራፌ ላይ ብቆም ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚሄድ የማላውቀው መንገደኛ ነው የማየው። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ።

አንድ ረፋድ ከክዳናቸው ጭስ አልወጣም። በመንገድ ዞሬ ሄድኩ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ስጣራ፣ «እግሬ እምቢ አለኝ» አሉ በደከመ ድምፅ።

ተመልሼ መጥረቢያ አነሳሁ። ምስማሩን ፈነቀልኩ፣ እሾሁን ጣልኩ፣ ጭራሮውን ገፍቼ ገባሁ። መሬት ላይ ወድቀው ነው ያደሩት። ውሃ ሳስጎነጫቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬስ በበሩ መጣሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ባሌን አስቸግሬ በቀዳዳው ላይ ሁለት ቋሚ አስተከልኩና የእንጨት መዝጊያ አስገጠምኩ። ብዙም ሳይቆይ ባለ ገመዱ መጣ።

«ይህን ቀዳዳ ማን ከፈተው?»

«በር ነው እንጂ ቀዳዳ አይደለም፣ ጌታው።»

«በር ወደ መንገድ ነው የተባለው።»

«ወደ መንገድም አለኝ፣ ያውና። ሁለተኛ አይኑርሽ ያለኝ የለም። እርስዎ ቤት ያለው በር አንድ ብቻ ነው?»

ባሌ ከኋላ ነጠላዬን ጎተተኝ። ሰውየው መዝጊያውን ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋ አደረገው።

«መቀርቀሪያውስ?»

«በማን ላይ ልቀርቅረው?»

ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ይመለሳል እያልኩ፣ እማማ እስኪሞቱ ድረስ ፍም ይዤ በዚያ በር ሳልፍ አንድ ጆሮዬ ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ነበር።