አዳ የት ናት?

ያለምወርቅ ቀበሌ ስትጠራ እጇ ላይ የነበረው ጠመኔ እንኳ አልተራገፈም። ዘመኑ ሰባ፣ የቀይ ሽብር ጊዜ ነው፤ በደብረ ታቦር ቀበሌ ተጠርቶ በሰላም መመለስ እንደ ትልቅ ዕድል የሚቆጠርበት።

የሒሳብ አስተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒዩተር አይታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቧ አልወጣም። ያን ቀን ጠዋት ለተማሪዎቿ ታሪኩን አጫወተቻቸው፤ ባቤጅ የሚባል እንግሊዛዊ የማስያ መኪና ነድፎ ሳይጨርሰው እንደ ሞተ፣ አዳ የምትባል ሴት ደግሞ ላልተሠራው መኪና ትእዛዝ እንደ ጻፈችለት።

ሊቀመንበሩ ዘውዱ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«አዳ የት ናት?»

«የትኛዋ አዳ?»

«አትቀልጂ! ትእዛዝ የምትጽፈው። ለልጆቹ የነገርሻቸው።»

ያን ጊዜ ገባት። የኅቡዕ ስም መስሎታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሞተች መቶ ዓመት አልፏታል። እንግሊዝ አገር ነው የኖረችው።»

«ከኢምፔሪያሊስት ጋርም ትጻጻፊያለሽ?»

«ኧረ በፍጹም! መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት።»

«ላልተሠራ መኪና ትእዛዝ ይጻፋል?»

«ቤትም ሳይሠራ ፕላን ይነሣለት የለም?»

«አሃ! ፕላንም አላችሁ።»

ከዚህ በኋላ አፏን ለመክፈት ፈራች። የምትናገረው ሁሉ ወደ ባሰ ይወስዳታል። ከጓሮ በኩል ሰው ሲያቃስት ይሰማታል።

በሩ ተንኳኳ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋሽ ደሞዜ ነበሩ፤ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፈዋል።

«አዳን እኔም አውቃታለሁ» አሉ።

ያለምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። በቃ፣ እሳቸውም አለቀላቸው።

ጋሽ ደሞዜ ግን መጽሐፉን ገልጠው ሽጉጡ አጠገብ አኖሩት። ሰፊ ቀሚስ የለበሰች የጥንት እመቤት ሥዕል ነው። ዘውዱ አጎንብሶ አየ፤ የሞተችበትን ዓመት በጣቱ ተከትሎ አነበበ። መጽሐፉን ከደነው።

«ሂዱ» አለ በመጨረሻ። «ስሟን ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

መንገድ ላይ ጋሽ ደሞዜ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። «የጠራሽ ጥበቃ አዳ ማን እንደ ሆነች ጠይቆኝ ነበር። ስመጣ ባለቤቴን ‹ልጆቹን አደራ› ብያት ነው» አሏት።

በማግስቱ ያለምወርቅ ክፍል ገባች። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ መኪናው በኋላ ተሠራ?»

ያለምወርቅ ልጅቷን አየቻት፤ ቀጥላ ሌሎቹን አንድ በአንድ። ከመካከላቸው ማን ለቀበሌ እንደ ነገረባት አታውቅም።

«ደብተራችሁን አውጡ» አለች። «ዛሬ ሦስት ማዕዘን ነው የምንማረው።»